ካንፑር ዳግመኛ ቴስት አይሰጣት የተባለበት ክር፣ እስከ መልስ 27

ስለ ህንዷ ካንፑር ከተማ የክሪኬት ሜዳ የተከፈተው ክር በጣም ስለረዘመ መሀል ላይ የሚገባው ሰው ሁሉ ምን እየተባለ ነው እያለ ይጠይቃል፣ እኔም ከላይ እስከ ታች አንብቤ ልተርክላችሁ ብዬ ተነሳሁ። ባጭሩ ልል ነበር ግን የሚያጥር አይመስለኝም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ስድብ የነበረባቸውን መስመሮች ዘልያቸዋለሁ፣ የፈለገ ራሱ ገብቶ ያንብብ።

ከፋቹ ዱባይ መጋዘን የሚሠራ ልጅ ነው። አብረውት የሚኖሩት ህንዶችና ባንግላዴሾች ስለሆኑ ሳይወድ በግዱ ክሪኬት ለምዶ አሁን ከነሱ በላይ ባሰበት። ያናደደው በ2024 ሴፕቴምበር 27 የተጀመረው የህንድና የባንግላዴሽ ቴስት ነው (ቴስትና ኦቨር ምን እንደሆኑ መልስ 3 ላይ አለ)፣ ካንፑር ከተማ ግሪን ፓርክ ስታዲየም። የመጀመሪያው ቀን 35 ኦቨር ብቻ ተወርውሮ ተቋረጠ። ሁለተኛው ቀን አንዲት ኳስ ሳትወረወር አለቀ። ሦስተኛው ቀን ግን ዝናብ የለም፣ ዳኞቹ ይወጣሉ፣ ሣሩን በጫማቸው ጫን ጫን እያደረጉ ያያሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይወጣሉ፣ በቃ እንዲህ እየተባለ ቀኑ መሸ። ልጁ የሳምንት ዕረፍቱን እሱ ላይ ነው የጨረሰው። ጥያቄው እንግዲህ ይሄ ነው፣ በዓለም አንደኛ ሀብታም የክሪኬት ቦርድ ያላት አገር ውሃ የማይመጥ ሜዳ ላይ ለምን ቴስት ታደርጋለች? ጥያቄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ግን መጨረሻው ላይ ግሪን ፓርክ ጊዜው አልፏል፣ ከእንግዲህ ቴስት ሊሰጠው አይገባም ብሎ ደመደመ። ነገሩ ሁሉ የተነሳው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

መልስ 1 ወዲያው ተስማማ፣ እንዲያውም ጨመረበት። ከጨዋታው በፊት የመንግሥት መሐንዲሶች ሲ የሚባለውን ፎቅ ተመልካች የሚቀመጥበትን ሰገነት አይተው ሙሉ ሰው አይችልም ስላሉ፣ 4,800 ሰው ከሚይዘው ቦታ የ1,700 ሰው ትኬት ብቻ ነው የተሸጠው ብሎ ጻፈ። ሰው ዘሎ ቢጨፍር ይደረመሳል ተብሎ የተፈራ ቦታ ላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዴት ይደረጋል አለ። እዚህ ላይ ማንም አልተከራከረውም፣ ምን ይባላል።

መልስ 2 ይቅርታ ጠይቆ ቴስት ማለት ምንድነው አለ። መልስ 3 ደግሞ በትዕግስት አስረዳው፦ እስከ አምስት ቀን የሚሄድ ጨዋታ ነው፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታል፣ አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው፣ በቀን 90 ኦቨር ገደማ ይወረወራል፣ ተጋጣሚን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ሰው ካላወጣህ አታሸንፍም፣ ለዚህ ነው ሁለት ቀን በዝናብ ሲሄድ ብዙ ጊዜ አቻ ነው የሚያልቀው። አንድ ሰው ማውጣት አንድ ዊኬት ይባላል፣ ነጥቡ ደግሞ ራን። ይሄን ያወቀ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ይረዳል።

መልስ 4 ረጅም ነው፣ ግን ከክሩ ውስጥ የወደድኩት እሱን ነው። ህንድ ዶክትሬቱን ሲሠራ የቆየ ሰው ነው የጻፈው፣ ታውቃላችሁ መቼም በአንድ ወቅት ዩኒቨርሲቲው ሁሉ መምህራኑን ህንድ ይልክ ነበር። በ2016 ከላክናው ባቡር ይዞ ካንፑር ሄዶ የህንድን 500ኛ ቴስት ከኒውዚላንድ ጋር አይቷል። ካንፑር የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ነች፣ በእንግሊዞቹ ጊዜ በምሥራቅ ያለች ማንቸስተር ይሏት ነበር፣ ስታዲየሙ መሀል ከተማ ነው፣ ጀርባው ላይ ጋንጀስ ወንዝ ይፈሳል። በር ላይ ፖሊሶቹ የውሃ ላስቲኩን ቀሙት፣ ኪሱ ውስጥ የነበረችውን ሳንቲም ሳይቀር፣ ሜዳ ላይ ይወረወራል ብለው። ከገባ በኋላ ግን ጨዋታውን ትቶ ሲያይ የዋለው ሰሌዳውን ነው። ግሪን ፓርክ በእጅ የሚቀየር ግዙፍ የውጤት ሰሌዳ አለው፣ ከኋላው ልጆች ቆመው እያንዳንዷን ቁጥር በሰሌዳ እየነቀሉ እየሰኩ ነው የሚቀይሩት፣ አንዱ ራን ሲገባ ሦስት ቦታ ቁጥር መቀየር አለበት፣ የቡድኑ፣ የመቺው፣ የወርዋሪው፣ እና አንዱ ጥግ ያለው ልጅ ሁልጊዜ ስለሚዘገይ ተማሪዎቹ በተቀመጡበት በኩል ያለው ሰው እየጮኸ ያስታውሰው ነበር ይላል። ህንድ በ197 ራን አሸነፈች፣ የህንዱ ወርዋሪ አሽዊን በዚያ ጨዋታ 10 ዊኬት ወሰደ፣ 200ኛ የቴስት ዊኬቱንም እዛው ነው የሞላው።

ስሙም ከየት መጣ ብሎ ሳይጠየቅ ነገራቸው፣ ሜዳው በ1945 ነው የተሠራው፣ ከዚያ በፊት ማዳም ግሪን የምትባል እንግሊዛዊት ፈረስ ትጋልብበት ነበር ይባላል።

መልስ 5 ከሜልበርን ነው፣ አውስትራሊያ ብዙ ስለኖረ ነገሩን ከዚያ በኩል ነው የሚያውቀው። ግሪን ፓርክ ይዘጋ የሚል ሰው 1959ን አያውቅም ብሎ ጀመረ። እውነት ለመናገር ይሄ ታሪክ ክሪኬት ለማይገባውም ሰው ይጥማል። አውስትራሊያ በሪቺ ቤኖ አምበልነት መጥታ ዴልሂ ላይ ህንድን ጠራርጋ ካንፑር ገባች። ሜዳው ላይ አዲስ ሣር ተተክሎ ነበር። የህንድ ቡድን መራጮች ሰብሳቢ ላላ አማርናት አፈሩን አይቶ ጃሱ ፓቴል ይጫወት አለ፣ ፓቴል ደግሞ የ35 ዓመት ሰው ነው፣ የአህመዳባድ ልጅ፣ በልጅነቱ ክንዱ ተሰብሮ ስለነበር አወራወሩ ለየት ያለ፣ ማንም ከቁጥር ያላስገባው። ህንድ መጀመሪያ በ152 ራን አለቀች፣ አላን ዴቪድሰን 5 ሰው አወጣባት። አበቃ ተባለ። ከዚያ ፓቴል ኳሱን ያዘ፣ 69 ራን ብቻ ሰጥቶ 9 ሰው አወጣ፣ አውስትራሊያ 219። በሁለተኛው ዙር ዴቪድሰን 7 ቢያወጣም ህንድ 291 ደረሰች፣ አውስትራሊያ 225 አስፈለጋት፣ በ105 ተጠረገች፣ ፓቴል 5 ጨመረ። 14 ዊኬት በአንድ ጨዋታ። ሰውየው በሕይወቱ የተጫወተው 7 ቴስት ብቻ ነው፣ ካወጣቸው 29 ሰዎች 14ቱ የካንፑር ናቸው። በአንድ ኢኒንግስ፣ ማለትም በአንድ የመምታት ዙር፣ ያወጣቸው 9 ሰዎች የህንድ ሪከርድ ሆነው እስከ 1999 ቆዩ፣ አኒል ኩምብሌ ዴልሂ ላይ ከፓኪስታን 74 ራን ብቻ ሰጥቶ 10 ሰው እስኪያወጣ።

የሜልበርኑ ግን ይሄ የህንድ የመጀመሪያ የቴስት ድል ነው ብሎ ስለጻፈ መልስ 6 ጨዋ በሆነ ቋንቋ አረመው። አውስትራሊያን ያሸነፈችበት የመጀመሪያው ነው እንጂ የመጀመሪያው ድል አይደለም፣ እሱ በ1952 ማድራስ ላይ እንግሊዝን ነው። የሚገርመው ደግሞ የግሪን ፓርክ የመጀመሪያ ቴስት በዚያው ተከታታይ ጨዋታ ውስጥ ነበር፣ ጃንዋሪ 1952፣ ታተርሶልና ሂልተን የሚባሉ እንግሊዛዊ ስፒነሮች (ኳሱን እያሽከረከሩ የሚወረውሩ) ህንድን አተራምሰው እንግሊዝ በ8 ዊኬት (8 ዊኬት ሲተርፋት ማለት ነው) በሦስት ቀን ጨርሳ ሄደች። በሚቀጥለው ወር ማድራስ ላይ ነው ህንድ የተነሳችው። ስለዚህ ካንፑር ስትጀምር በሽንፈት ነው የጀመረችው ማለት ነው።

መልስ 7 ሁለት መስመር ናት ግን ጥሩ ነች። ከፓቴል ልክ አንድ ዓመት በፊት፣ 1958 ዲሴምበር፣ እዚያው ሜዳ ላይ ሱባሽ ጉፕቴ ከዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን ደሴቶች ቡድን) 102 ራን ሰጥቶ 9 ሰው አውጥቶ ነበር፣ ግን ሶበርስ 198 መታና ዌስ ሆል ህንዶቹን በፍጥነት አቃጥሎ 11 ሰው አወጣና ህንድ በ203 ራን ተሸነፈች፣ ጉፕቴን ማን ያስታውሰዋል አለ። እውነቱን ነው። ዘጠኝ ሰው አውጥተህ ብትሸነፍ ታሪክ የሌላው ሰው ነው።

መልስ 8 የገባው ቪዚ የሚባለውን ሰውዬ ይዞ ነው። ቪዚ የቪዚያናግራም ልዑል ነው፣ በ1936 በገንዘቡና በዘመዱ ብዛት የህንድ አምበል ሆኖ እንግሊዝ ሄደ፣ እዚያ ከላላ አማርናት ጋር ተጣልቶ የመጀመሪያው ቴስት ሳይጀመር አማርናትን በመርከብ አሳፍሮ አገሩ መለሰው። ከዚያ በኋላ ያው ቪዚ ካንፑር ያለችበትን የኡታር ፕራዴሽ ግዛት ክሪኬት ማኅበር ለረጅም ጊዜ ይዞ ካንፑርን የቴስት ከተማ ያደረጋት እሱ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ በ1959 በቪዚ ሜዳ ላይ ቆሞ አፈሩን አይቶ ፓቴል ይግባ ብሎ ህንድን ያስከበረው ያ በመርከብ የተባረረው አማርናት ነው። የጻፈው ሰው ይሄን ብሎ ሌላ ምንም አላለም። እኔ ግን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ይሄን ይውሰድ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥነ ሥርዓት ነበር። መልስ 9 መጥቶ አበላሸው። የአያቶቻችሁን ተረት ተዉትና ሜዳው ለምን አይደርቅም የሚለውን መልሱ ብሎ ገባ፣ ቤንጋሉሩ በ2017 ከሣሩ ሥር በቱቦ ውሃ የሚመጥ ማሽን አስገብታ ዝናብ በቆመ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ትጫወታለች፣ እዚህ ደግሞ በ2024 ሰው በስፖንጅ ሲጠርግ ነው የሚውለው፣ ጃሱ ፓቴል ተነስቶ አያደርቀውም አለ። ከፋቹ በመልስ 10 ደስ ብሎት አጨበጨበለት። የሜልበርኑ በመልስ 11 ተመልሶ ትንሽ ኮስተር አለ፣ አንተ ክሪኬት ያወቅከው ትናንት ነው ዓይነት ነገር፣ አልደግመውም።

መልስ 12 ነገሩን ወደ ፒቹ ወሰደው፣ ማለትም ኳሱ ወደሚነጥርበት ወደ መሀሉ አፈር። የካንፑር አፈር ጥቁር ነው፣ ከአጠገቧ ካለው ከኡናው ነው የሚመጣው፣ ኳሱ ዝቅ ብሎ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ወርዋሪውም መቺውም መልፋት አለበት። በ2021 ኒውዚላንድ ስትመጣ ሁሉም በሦስት ቀን ያልቃል ሲሉ አምስተኛው ቀን መጨረሻ ደቂቃ ድረስ ሄደ። የህንዱ ሽሬያስ አየር በመጀመሪያ ቴስቱ መቶ ራን መታ። መጨረሻ ላይ ህንድ አንድ ሰው ብቻ ማውጣት ቀርቷት፣ መቺዎቹ ራቺን ራቪንድራና አጃዝ ፓቴል፣ ሁለቱም የህንድ ዘር ያላቸው ናቸው፣ አጃዝማ እዚያው ሙምባይ ነው የተወለደው፣ 52 ኳስ ተከላክለው ብርሃኑ ሲጠፋ አቻ አስወጡ። የህንድ አሰልጣኝ የነበረው ራሁል ድራቪድ ማሸነፍ ሲገባው አቻ ወጥቶ እንኳን ለሜዳው ሠራተኞች ከኪሱ 35,000 ሩፒ ሰጣቸው፣ ለሁለቱም ወገን የሚሆን ፒች ስለሠሩ። መልስ 12 ያለው እንግዲህ ሠራተኞቹ ችሎታ አላቸው፣ የጎደለው ሌላ ነው ነው።

መልስ 13 ወዲያው 2008ን አመጣበት። ያኔ ደቡብ አፍሪካ በሦስት ቀን ተሸንፋ ፒቹ አቧራ ሆኖ የዓለም ክሪኬት የበላይ አካል አይሲሲ ራሱ አስጠንቅቋቸዋል፣ ስለዚህ አንዴ ጥሩ ስለሆነ ጥሩ ነው አይባልም አለ። ትክክል ነው፣ ግን ደግሞ ሌላ ሰው 2009ን አስታወሰው፣ ስሪላንካ በኢኒንግስና በ144 ራን የተሸነፈችበትና (ሁለት ዙር መትታ ህንድ በአንድ ዙር ከመታችው 144 ራን አንሳ ማለት ነው) ህንድ 100ኛ የቴስት ድሏን ያገኘችበት እዚያው ነው፣ ጀግናው ደግሞ ስፒነር ሳይሆን ፈጣኑ ስሪሳንት ነበር። ያ መልስ 14 ነው።

መልስ 15 ሳቅ ነው። በ2021ዱ ጨዋታ ላይ ካሜራ አንድ ተመልካች ላይ አረፈ፣ ጉንጩን ሞልቶ እያኘከ በስልክ ያወራል፣ ህንድ በሙሉ ጉትካ (የሚታኘክ ትንባሆ) ነው ያኘከው ብሎ ሳቀበት፣ ሰውየው በማግስቱ ጽሑፍ ይዞ ስታዲየም መጣ፣ ትንባሆ ማኘክ መጥፎ ነው የሚል፣ ያኘከው ደግሞ ጣፋጭ ፍሬ ነው ብሎ ተከላከለ። ይሄን የጻፈው ሰው የኛም ሰው ጫት ላይ ካሜራ ቢያርፍበት እንዲህ ነው የሚለው ብሎ ጨመረበት። መልስ 16 የ2024ቱን ጦጣዎች አስታወሰ። በረንዳው ላይ የተቀመጡት የቴሌቪዥን ካሜራ ሰዎች ምግባቸውን ጦጣ እየቀማቸው ስለተቸገሩ አዘጋጆቹ ላንጉር የሚባሉ ትልልቅ ፊተ ጥቁር ዝንጀሮዎች ከነጠባቂያቸው ቀጥረው ጦጣዎቹን አስፈራሩላቸው። ውሃ የሚመጥ ቱቦ የለም፣ ጦጣ የሚያባርር ዝንጀሮ ግን አለ። ከፋቹ እንኳን እዚህ ጋ ስቋል።

ከዚያ በኋላ ክሩ ከመስመር ወጣ። መልስ 17 እናንተ የህንድ ስታዲየም ላይ ትሟገታላችሁ፣ የኛ ብሔራዊ ቡድን ካፍ ሜዳችሁ አይመጥንም ብሎ በሰው አገር አይደል እንዴ ሲጫወት የነበረው አለ፣ ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍነው እንኳን ሊሎንግዌ ማላዊ ነው፣ ባለሜዳ ሆነን ማላዊ። ሆድ የባሰው ሰው ሁሉ በዚህ ተከትሎ ገባ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ባህር ዳር፣ ምኑ ቅጡ። አወያዩ ስንቱን እንዳጠፋ አላውቅም፣ ሌላ ክር ክፈቱ ብሎ አስቆማቸው፣ እሱ መልስ 18 ተብሎ ተቆጥሯል።

መልስ 19 ነው ለኔ ጥያቄውን በትክክል የመለሰው። ሰውየው የሚጽፈው ቀስ ብሎ ነው፣ አይሳደብም። ግሪን ፓርክ የክሪኬት ማኅበሩ ንብረት አይደለም አለ። ባለቤቱ የኡታር ፕራዴሽ መንግሥት የስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፣ ማኅበሩ በስምምነት ነው የሚጠቀምበት። ተከራይ የሰው ቤት ጣሪያ አያድስም፣ አከራዩ ደግሞ ዝናብ አይገባበትም፣ ነገሩ ይሄው ነው። ሌሎቹ ማኅበራት ምን አደረጉ፣ የፑንጃቡ ሞሃሊ ላይ የራሱን ሠራ፣ የናግፑሩ መሀል ከተማ ያለውን አሮጌ ሜዳውን ትቶ በ2008 ጃምታ የሚባል ቦታ ከከተማ ውጪ አውራ ጎዳና ላይ አዲስ ሠራ። የራሱ የሆነ ቱቦም ያስገባል፣ ወንበርም ይቀይራል። ካንፑር ግን ሁለት አለቃ ስላላት ሁለቱም ሌላው ይሥራው ይላል። ስለዚህ ያረጀ ሜዳ ነው ማለት ልክ አይደለም፣ ኢደን ጋርደንስ ከግሪን ፓርክ በብዙ ይበልጣል በዕድሜ፣ ማን ይዝጉት አለ? እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሜዳውን የሚወቅሱ ሰዎች የሚወቅሱት የሚያዩትን ነው፣ ወረቀቱ አይታይም።

መልስ 20 ከዚያው ተነስቶ ጃምታ ሄዶ ያየ ሰው ነው ሊሆን የሚችለው፣ አዲሶቹ ስታዲየሞች ጥሩ ናቸው ግን ለቴስት ሰው አይመጣም፣ ማን በሥራ ቀን ከከተማ ወጥቶ ፀሐይ ላይ አምስት ቀን ይቀመጣል፣ ግሪን ፓርክ ግን ተማሪው ከክፍል ወጥቶ በእግሩ ነው የሚገባው ብሎ ጻፈ።

ይሄን ያየ የላክናው ደጋፊ መልስ 21 ላይ ተነሳ፣ ላክናው የተማረ ሐበሻ ነው፣ ከላክናውዎቹ በላይ ላክናው ሆኗል። ከካንፑር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ላክናው ውስጥ፣ ኤካና የሚባል ስታዲየም አለ፣ 50,000 ሰው ይይዛል፣ በ2018 ኖቬምበር በመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጨዋታው ሮሂት ሻርማ ዌስት ኢንዲስ ላይ 111 መታ፣ የ2023 የዓለም ዋንጫ አምስት ጨዋታ ያየው ኤካና ነው፣ ካንፑር አንድም አላገኘችም፣ ጉዳዩ አልቋል አለ። ደግሞ በታሪክም ቢሆን ላክናው አታንስም፣ 1952 ኦክቶበር ፓኪስታን የመጀመሪያ የቴስት ድሏን ያገኘችው ላክናው ላይ ነው ብሎ ጨመረ። ህንድ የተሸነፈችበትን ጨዋታ እንደ ክብር ማቅረቡ ገርሞኛል፣ ግን ሰውየው በሞቀበት ሰዓት ነው።

መልስ 22 ቪራት ኮህሊ በ2019 ያለውን አመጣ፣ አምበል በነበረ ጊዜ ቴስት አምስት ቋሚ ከተሞች ላይ ብቻ ይሁን ብሎ ነበር፣ እንደ እንግሊዝና አውስትራሊያ፣ እንግዳ ቡድን የት እንደሚጫወት አስቀድሞ እንዲያውቅ። መልስ 23 ይሄ የትልቅ ከተማ ሰው ወሬ ነው ብሎ ተቆጣ። ኩልዲፕ ያዳቭ ከየት መጣ፣ ካንፑር ነው ያደገው፣ እዚያው ነው ስፒን የተማረው፣ ያ ልጅ ግሪን ፓርክ ላይ ትልልቆቹን ሳያይ ነበር እንዴ የሚማረው? የሚያሳዝነው በ2024 ቡድኑ ውስጥ ተካቶ በገዛ ከተማው ከአሥራ አንዱ ውጪ አደረጉት፣ ቼናይ ከተማ ላይ በቀደመው ቴስት ያሸነፈውን ቡድን አንቀይርም ብለው። አምስት ከተማ የሚለው ነገር ደግሞ ቦርዱ ራሱ አልተቀበለውም፣ በ2025 ጓሃቲ የመጀመሪያዋን ቴስት አገኘች፣ ጓሃቲ ቴስት ካገኘች ካንፑር ለምን ይነሳታል አለ።

መልስ 24 የሻርጃው ጋሼ ናቸው። ሁሉም አንቱ ነው የሚላቸው፣ ከሰማንያዎቹ ጀምሮ እዚያው ስለሆኑ የፓኪስታኑ ሚያንዳድ በ1986 ሻርጃ ላይ በመጨረሻዋ ኳስ ስድስት ራን መትቶ ህንድን ያስለቀሰበትን ቀን በዓይናቸው አይተዋል። እሳቸው ስለ ካንፑር የሚያስታውሱት ክፉ ክፉውን ነው። 1983 ኦክቶበር፣ ህንድ የዓለም ዋንጫ ከበላች አራት ወር አልሞላትም፣ ዌስት ኢንዲስ ሊበቀል መጣ፣ ማልኮም ማርሻል የወረወረው ኳስ የህንዱን የጋቫስካርን ባት (መምቻውን) ከእጁ አስጥሎት ህንድ በኢኒንግስና በ83 ራን ተሸነፈች። ቀጥለው በ2005 የፓኪስታኑ አፍሪዲ እዚያው 46 ኳስ ላይ 102 ሲመታ ሻርጃ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ህንዶች ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ቆጠራ ጀመሩ ይላሉ። ደጉንም ግን አልረሱም፣ የህንዱ አዝሃሩዲን በመጀመሪያ ሦስት ቴስቶቹ በእያንዳንዱ መቶ ራን ሲመታ ሦስተኛውን በ1985 የመታው እዚያ ነው፣ ይሄ ልጅ ከሰማይ ነው የወረደው ተባለ፣ በ1986 ደግሞ ስሪላንካ ላይ 199 ሆኖ ወጣ፣ አንዷን አጣት። ስለ ቦብ ዉልመርም አንስተዋል፣ ደቡብ አፍሪካንና ፓኪስታንን ያሰለጠነው፣ በ2007 የዓለም ዋንጫ መሀል ጃማይካ ላይ ያረፈው፣ ካንፑር ነው የተወለደው፣ ስታዲየሙ አጠገብ ባለው ሆስፒታል። ማንም ጋሼን አልተቃወማቸውም። ከፋቹ እንኳን አመስግኗቸዋል።

መልስ 25 ግን ወደ ከፋቹ ተመልሶ ዝም ሊያሰኘው ሞከረ። አንተ የተናደድክበት ጨዋታ መጨረሻው ምን ሆነ አለው። አራተኛው ቀን ባንግላዴሽ 233 ላይ አለቀች፣ ህንዶቹ ጊዜ የለንም ብለው ሮሂትና ጃይስዋል በሦስት ኦቨር 50 ራን አስገቡ፣ በ10.1 ኦቨር 100፣ ሁሉም በቴስት ታሪክ ፈጣኑ፣ 34.4 ኦቨር ብቻ ተጫውተው 285 ላይ በቃን አሉ፣ በሁለቱም ኢኒንግስ የመቱት 52 ኦቨር ነው በድምሩ፣ በ7 ዊኬት አሸነፉ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ። ጃዴጃም 300ኛ ዊኬቱን እዚያ ነው የወሰደው። ያን ዝናብ ባያገኙ እንዲህ ይጫወቱ ነበር? ስለዚህ ለግሪን ፓርክ አመስግን አለው። ከዚያ ወደ ላክናው ደጋፊው ዞሮ፣ ኤካና እስካሁን ያስተናገደውን አንድ ቴስት ጥራልኝ አለው።

ከፋቹ በመልስ 26 አልተበገረም። ቡድኑ ስላሸነፈ ሜዳው ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ ደግሞ ሴፕቴምበር የዝናቡ ማብቂያ ነው፣ ቦርዱ ይሄን እያወቀ ለምን እዚያ ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። በዚህ ላይ መልስ 4 የጻፈው ሰው 2016ም ሴፕቴምበር ነበር፣ የጠፋው ከአንድ ቀን ላይ ትንሽ ሰዓት ነው ብሎ በአጭሩ ከሥሩ ጻፈለት። እኔም ወሩን ብቻ መወንጀል አይሠራም ባይ ነኝ፣ ዝናብ ሁሉም ቦታ ይዘንባል፣ ልዩነቱ ከቆመ በኋላ ነው።

መልስ 27 የላክናው ደጋፊ ነው። ኤካና ቴስት አስተናግዷል፣ 2019 ኖቬምበር፣ አፍጋኒስታንና ዌስት ኢንዲስ፣ ራኪም ኮርንዎል 10 ዊኬት ወስዶ በሦስት ቀን ያለቀው ብሎ በኩራት መለሰ። እውነት ነው። መልስ 25 ግን ህንድ የሌለችበትን ቴስት ማን ቆጠረልህ፣ ስንት ሰው ነበር የተመለከተው ብሎ ጠይቆታል፣ ይሄን እስከምጽፍ ድረስ የላክናውዬው አልመለሰም።